ከጉድጓዷ ጫፍ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል፤ ባሕር ተሻግሮ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተጉዞ ነው የሚጀምረው። መድረሻው ግን እዚሁ እኛው ደጅ ነውና አትቸኩሉብኝ።

በጣሊያን ምዕራብ ጠረፍ ሊቮርኖ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ መርከብ የሚራገፍባት፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ የሚርመሰመስባት ከተማ ነበረች፤ በባርነት የተያዙ ሰዎችም በአንድ ትልቅ ግቢ ታጉረው ያድሩባት ነበር። እነዚያ ሰዎች ታዲያ አንዱ የአንዱን እጅ ይይዝና፣ በመርፌ ጫፍ ከቆዳው ላይ አንዳች ነገር ያወጣለት ነበር። በድሃ ሰፈርም እናቶች እከክ የሚያሠቃያቸውን ልጆቻቸውን ይይዙና፣ ጎንበስ ይሉና፣ በመርፌ አንዲት ነጭ ነጥብ ፈልቅቀው ያወጣሉ፤ ከዚያም በጥፍራቸው መካከል አድርገው ይጫኗታል፤ እሷም ቋ ብላ ትፈነዳለች።

ይህን ያየ አንድ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ጆቫን ኮሲሞ ቦኖሞ ይባላል። ዲያቺንቶ ቼስቶኒ ከሚባል መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሆነው እከክ የያዘውን ሰው ፈለጉ፣ የሚበላህ የት ላይ ነው ብለው ጠየቁት፣ ከዚያም እንደ እናቶቹ በመርፌ አወጡና ያቺን ነጥብ በማጉያ መነጽር ሥር አስቀመጧት። ነጥቧ ተራመደች። ቅርጿ ኤሊ የሚመስል፣ ነጭ፣ እግርና ጸጉር ያላት ሕይወት ያላት ፍጥረት ነበረች፤ እያዩዋትም እንቁላል ጣለች። እ.ኤ.አ. በ1687 ቦኖሞ ይህን ሁሉ በደብዳቤ አድርጎ ለታወቀው ሊቅ ለፍራንቼስኮ ሬዲ ጻፈ፤ እከክ ከመጥፎ ደም አይመጣም፣ ከዚህች ፍጥረት ነው የሚመጣው፣ ከሰው ወደ ሰው የምትተላለፈውም እሷ ናት አለ። የዚያ ዘመን ሐኪሞች ግን ሕመም ሁሉ ከደምና ከሐሞት መዛባት ይመጣል ብለው የተማሩ ነበሩ፤ የሮማው ጳጳስ ሐኪም ላንቺዚም አልተቀበለውም። ክርክሩ ቀዘቀዘ፣ ደብዳቤውም ተረሳ፣ እናቶቹ ግን መርፌያቸውን አልጣሉም።

ከመቶ ዓመት በላይ አለፈና ነገሩ ፓሪስ ላይ ተነሣ። በሴንት ሉዊ ሆስፒታል ጋሌስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1812 የእከክን ተባይ አገኘሁ ብሎ ሥዕሏን አሳየ፤ አገር ጉድ አለ። ቆይቶ ሲመረመር ሥዕሉ የአይብ ተባይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ሁሉ ያቺን ተባይ ሲፈልግ ያጣታል፤ እንዲያውም እሷን ላሳየን ሽልማት እንሰጣለን እስከ ማለት ተደረሰ፤ የለችም ብሎ የሚምለውም በዛ። እስቲ አስቡት፤ በሽተኛው በየአልጋው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ ያድራል፣ ሊቃውንቱ ደግሞ አጠገቡ ቆመው አለች የለችም ይከራከራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1834 ሬኑቺ የሚባል ከኮርሲካ ደሴት የመጣ የሕክምና ተማሪ ተነሣ። በአገሩ ድሆች ሴቶች እንደ ሊቮርኖ እናቶች በመርፌ ሲያወጧት አይቶ ያደገ ልጅ ነው። መምህራኑ ፊት ቆመና፣ የበሽተኛውን እጅ ይዞ፣ መርፌውን ሰዶ አወጣት። ምሥጢሩ ምን ነበር መሰላችሁ? ሊቃውንቱ የሚፈልጓት ውኃ በቋጠረው ብጉር ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ዓይን የሚስበው እሱ ነውና። እሷ ግን እዚያ የለችም። ከቆዳው የላይኛው ንጣፍ ሥር ቀጭን ጉድጓድ እየሰረሰረች ትሄዳለች፣ እንቁላሏን ከኋላዋ እየጣለች ወደፊት ትገፋለች፣ ስለዚህ የምትገኘው ከብጉሩ ራቅ ብላ ከጉድጓዷ ጫፍ ላይ ነው። ሴቶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ወገኖቼ፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የዛሬው ጨዋታችን ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን እንውጣ፤ ብርድና ዝናብ ወደማይለያት የኖርዌይ ከተማ ወደ በርገን። በዚያን ዘመን በርገን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሰበሰቡባት ከተማ ነበረች። ዳንኤልሰንና ቦክ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች እነዚህን ሕሙማን ለዓመታት ሲመረምሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ስለ ሥጋ ደዌ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ጻፉ። ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ እጃቸውና እግራቸው እንደ ዛፍ ቅርፊት በወፈረ ነገር ተሸፍኗል፤ ያን ቅርፊት ቆርሰው በማጉያ ሲያዩት የእከክ ተባይ ተነባብራበት አገኙ። በተራው እከክ በአንድ ሰው ገላ ላይ ያለችው ተባይ ከ10 እስከ 15 ብትሆን ነው፤ በዚህኛው ግን ሺዎች፣ አልፎ ተርፎም ሚሊዮኖች ትሆናለች። ሰውነቱ የደከመ ሰው ሊያግዳት አይችልምና እንዳሻት ትራባለች። እንዲያም ሆኖ ብዙ ጊዜ አያሳክክም፣ ወይም የሚያሳክከው ጥቂት ነው። የማያሳክክ እከክ! ማን ይጠረጥረዋል? የእኛ ሰው እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም ይላል፤ በዚህኛው ሕመም ግን ጥፍሩም ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

ከዚያችው ከበርገን፣ የዳንኤልሰን አማች የሆነው አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አገኘ። ስሙም እኛ ዘንድ ደረሰ፤ አዲስ አበባ፣ በተለምዶ ዘነበወርቅ በምንለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ እዚያው ግቢ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አማካይነት በሃንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ተከፈተ።

በዚያው ዘመን ገደማ አንቶኒ ብራይሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ይሠራ ነበር። ፊታቸው ያበጠ፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ክንዳቸው በዕባጭ የተሞላ ሕሙማን ያያል። ያየ ሁሉ ሥጋ ደዌ ነው የሚላቸው ሰዎች ናቸው፤ የሥጋ ደዌ መድኃኒት እየዋጡ ዓመት የገፉም ነበሩባቸው። ከዕባጩ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የሃንሰን ባክቴሪያ የለም፤ ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ፣ ሌሽማንያ፣ ጢቅ ብሎ ሞልቷል። በደጋው አገር ቁንጭር የምንለው ነው፤ ግን እንደ ለመድነው አንድ ቦታ ወጥቶ ጠባሳ ጥሎ የሚሄደው አይደለም፣ መላ ገላን የሚወርሰው ነው። ብራይሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ዘርዝሮ ጻፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1973፣ ብሬይና አሽፎርድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተሕዋሱ በዓለም ላይ ካሉት የተለየ መሆኑን ለይተው ሌሽማንያ ኤትዮፒካ አሉት፤ ከደሴ ወዲያ ኩታበር ላይና ወለጋ አለኩ ላይም በየገደሉ በሚኖረው ሽኮኮ ገላ ውስጥ አገኙት። አሸዋ ዝንቧ ከሽኮኮው ደም ትመጥና፣ ሲመሽ ወደ ሰው ትመጣና፣ ሳይሰማ ነክሳ ትሄዳለች። ለዚህ ነው በገደል አፋፍ የሰፈረ መንደር ጠባሳ የሚበዛበት። በአገራችን በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው በቁንጭር ይያዛል ተብሎ ይገመታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንደ እኛ ባለ አገር ሥጋ ደዌ የሚለው ስም የሕመም ስም ብቻ አይደለም፤ ሰውን ከማዕድ ያስነሣል፣ ትዳር ያፈርሳል፣ ልጅ ሳይዳር ያስቀራል። በስሕተት ያንን ስም የተቀበለ ሰው ምን እንደሚያጣ ለእናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ።

ጊዜው ነጎደ። የቆዳ ሐኪሞች ዴርማቶስኮፕ የሚሉትን መሣሪያ ለመዱ። መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መስታወት አለው፣ ዙሪያውን ጥቃቅን መብራት አለው፣ ቆዳው ላይ ተደግፎ ነጸብራቁን ያስቀርና ከላይኛው ንጣፍ ሥር ያለውን ያሳያል። አይቆርጥም፣ አይወጋም፣ አያደማም። መጀመሪያ የተለመደው የቆዳ ካንሰርን ከተራ ጥቁር ነጥብ ለመለየት ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኔፕልስ ላይ፣ አርጀንዚያኖና ሁለት ባልደረቦቹ ይህንኑ መነጽር እከክ በያዘው ሰው እጅ ላይ አሳረፉት። አንዲት ትንሽ ጥቁር ቡናማ ሦስት ማዕዘን አዩ፤ ከኋላዋ ነጭ መስመር ተስቧል። ጀት አውሮፕላን ሰማይ ላይ ጢሱን እየተወ ሲሄድ ይመስላል ብለው ጻፉ። ሦስት ማዕዘኗ የተባይዋ አፍና የፊት እግሮች ናቸው፤ የቀረው ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ አይታይም። ነጩ መስመር ጉድጓዷ ነው። የት ላይ ናት? ከጉድጓዷ ጫፍ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገባው፤ በ2020 ደግሞ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እከክ ተረጋገጠ የሚባለው መቼ እንደሆነ የተስማሙበትን መስፈርት ሲያወጡ፣ ተባይዋን በዴርማቶስኮፕ ማየት በማይክሮስኮፕ እንደማየት ተቆጠረ።

አሁን የምነግራችሁ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው፤ ለአነጋገር እንዲመቸኝ አንድ ቤት አደረግሁት። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ የምሥራቅ አማራ ወረዳዎች ሰማዩ ተዘግቶባቸው ነበር። ክረምቱ ሳይዘንብ ወጣ፣ ምንጩ ደረቀ፣ ለመጠጥ ያልበቃ ውኃ ለልብስ ማጠቢያ ከየት ይምጣ፤ ሰዉ ተፈናቅሎ ባንድ ጣራ ሥር ተጠጋግቶ አደረ፤ እከክም እንደ ሰደድ ተዛመተ። የጤና ሠራተኞች በክልሉ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው መርምረው ከሦስት ሰው አንዱ ግድም ተይዞ አገኙት።

ከእነዚያ ቀበሌዎች ባንዱ አንዲት አሮጊት ነበሩ እንበል። እጃቸውና ክርናቸው በወፍራም ቅርፊት ተሸፍኗል፣ ጣታቸው አልታጠፍ ብሏል። አያሳክካቸውም። ጎረቤት ዝም ብሎ ያያቸው ነበር፣ ከዚያ የቡና ስኒያቸው ለብቻ ይቀመጥ ጀመር፣ ከዚያም ለልቅሶ የሚጠራቸው ጠፋ። ልጃቸው ከከተማ መድኃኒት ቤት በቱቦ ያለ ቅባት ገዛላቸው፤ ስቴሮይድ ያለበት ነው፤ ቅላቱን አበረደውና ደስ አላቸው፤ ተባይዋን ግን ከጠላቷ ገላገላት፤ ሰውነት እንዳይከላከል የሚያደርግ ቅባት ነውና። በሦስት ወሩ ቅርፊቱ እስከ አንገት ደረሰ።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ውርጩ ሳይገፈፍ፣ ልጅየው እናቱን በበቅሎ አስቀመጠ፣ የሰባት ዓመት ልጁን በጀርባው አዘለ፤ ሁለት ቁልቁለት ወርደው አንድ ወንዝ ተሻገሩ፣ የወንዙ አሸዋ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ከአስፋልቱ ላይ በአይሱዙ ተሳፍረው ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ደረሱ። አሮጊቷ መንገዱን ሁሉ እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «እማማ፣ እስቲ እጅዎን ያምጡልኝ» አለ። አላመጡም። እሱም ወንበሩን ሳበና ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ የራሱን እጅ ዘርግቶም ጠበቀ። ቆይተው አወጡለት። ጥጥ በቀጭኑ ጠቅልሎ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ስነካዎት ይንገሩኝ» አላቸው። «አሁን ነካኸኝ። አሁንም ነካኸኝ። ኧረ ምን ነው ልጄ፣ ኮረኮርከኝ!» ስሜታቸው አልጠፋም፤ በክርናቸው በኩል የሚያልፈውም ነርቭ አልወፈረም። ሐኪሙ የሥጋ ደዌው ጥርጣሬ እየራቀ ሲሄድ ፊቱ ፈታ አለ።

ከዚያም የልጅ ልጅየዋ በአባቷ ጉልበት ላይ ሆና የጣቶቿን መካከል ስትፈትግ የሐኪሙ ዓይን አረፈባት። «አንቺ ቆንጆ፣ ነይ እስቲ፤ የሚበላሽ ማታ ነው?» «አዎ፣ ማታ።» እጇን ወሰደና በአልኮል ጠረገ፣ አንድ ጠብታ ጄል አደረገ፣ መነጽሩን አሳረፈ። ዝም አለ። ነጩን መስመር አገኘውና ተከተለው፤ መስመሩ ትንሽ ጠመዘዝ ይልና ይሄዳል፤ በመጨረሻው ላይ ያቺ ቡናማ ሦስት ማዕዘን ተቀምጣለች። ስልኩን ከመነጽሩ ጋር ገጥሞ ለአባትየው አሳየው። ከዚያም ቀጭን መርፌ አንሥቶ፣ ሦስት ማዕዘኗ ከነበረችበት ነጥብ ላይ ብቻ ሰደደና አወጣት፤ ልጅቷ አላለቀሰችም። ከአያቷ ቅርፊትም ትንሽ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ስላይዱ በተባይና በእንቁላል ተሞልቷል።

«እማማ፣ ይህ እከክ ነው» አላቸው። አሮጊቷ አላመኑትም፤ «እከክማ ያሳክካል» አሉ። እሱም የልጅ ልጃቸውን እጅ ከእሳቸው እጅ አጠገብ አድርጎ ተባይዋ ከአያት ወደ ልጅ እንዴት እንደሄደች ነገራቸው። ከዚያ የእከክ ማጥፊያ ቅባት ከአገጭ እስከ እግር ጣት ተቀብቶ እንዲታደር፣ የአይቨርሜክቲን ኪኒኑም እንዲደገም፣ ምክንያቱም እንቁላሉን አይገድልምና፣ ለአያትየዋም ከሌላው ሰው ይልቅ ደጋግሞ እንዲሰጥ አዘዘ። ቤት የቀሩትም ባንድ ቀን እንዲታከሙ መድኃኒቱን ለሁሉም ሰጣቸው፤ አንዱ ከቀረ ሁሉም ይመለሳልና። ያ ቱቦ ቅባትም እዚያው ቀረ።

መነጽሩ ሁሉን ያያል አልላችሁም። ሐኪሞች የሚማሩባቸው መጻሕፍት ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው፤ እዚያ ላይ ቡናማዋ ሦስት ማዕዘን ጎልታ ትታያለች። በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቡናማ በቡናማ ውስጥ ትጠፋለች፤ የቆዳውን እብጠት ተከትሎ የሚመጣው ቅላትም አይታይም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚያይ ሐኪም መዳፍን፣ የእግር ሥርን፣ የጣት መካከልን፣ የእጅ አንጓን ያስቀድማል፤ ሦስት ማዕዘኗን ከመፈለጉ በፊትም ነጩን መስመር ይፈልጋል። ሕፃናት ላይ ደግሞ ራስና ፊት ላይም ትወጣለች፤ ትልቅ ሰው ላይ ብብትና ብሽሽት ውስጥ ለወራት የማይጠፋ ዕባጭ ትሆናለች፤ አንዳንዴ እሳት ያቃጠለው ይመስል ውኃ ትቋጥራለች።

ሙጃሌንም ሳልጠቅሳት አልለፍ። አገሯ ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በተነሣች መርከብ አንጎላ ወረደችና አፍሪካን አዳረሰች። እግር ጣት ላይ ስትወጣ ማንም ያውቃታል፤ እጅ ወይም መቀመጫ ላይ ስትወጣ ግን ኪንታሮት ወይም መግል ትመስላለች። መነጽሩ ሲያርፍባት መካከሉ ጥቁር ቀዳዳ፣ ዙሪያው ቡናማ ቀለበት፣ ሥሩ ሰማያዊ ግራጫ ጥላ ይታያል፤ ቀዳዳው የምትተነፍስበት ነው፣ ጥላውም እንቁላሏ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቁንጭር እንመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከኩታበር ገደል አፋፍ አንድ አባወራ ነበሩ እንበል፤ ይህም የብዙ ሰው ታሪክ ነው። አፍንጫቸው ላይ ቀላ ያለ ነገር ወጣ፤ አልቆሰለም፣ አበጠ ብቻ፤ ወደ ጉንጫቸው ሄደ፣ ወደ ላይኛው ከንፈራቸው ወረደ። አንዱ የሌሊት ወፍ ሸንቶብዎት ነው አላቸው፤ ጸበልም ሄዱ፣ ቅጠልም ተቀቡ፣ አንድ ክሊኒክ የጀርም ነው ብሎ መርፌ ወጋቸው፣ ሌላው የቆዳ ቲቢ ነው አላቸው። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሐምሌ ጭጋግ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ እግር እየያዘ፣ ሻሽ ፊታቸው ላይ ጠቅልለው ወደ ሐኪም መጡ።

ሐኪሟ ሴት ልጅ ናት፤ እዚያው ወሎ የተወለደች። «አብሽሩ አባባ፣ ሻሹን እኔ ላውልቅልዎት» አለች፤ ቀስ ብላ ጥቅልሉን ፈታችው። የለመደችው ክብ ቁስልና ቅርፊት አይደለም፤ ያበጠና የጠነከረ አንድ ወጥ ነገር ነው። መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ ሳትጫን አሳረፈች። በቀላው መሬት ላይ ጠብታ የመሰሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ ሐኪሞች ቢጫ እንባ የሚሏቸው ናቸው፣ በጸጉር ቀዳዳ ውስጥ የታጨቀ ነገር ነው። በጠርዙ በኩል ከመካከል ወደ ውጭ የተረጨ ነጭ ጨረር አለ፤ በየመካከሉም የተጠማዘዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች። ይህ ሁሉ ቁንጭርን ያመለክታል፣ ቁንጭር ነው ብሎ ግን አይፈርድም፤ የቆዳ ቲቢም ቢጫ ያሳያልና። ታዲያ ምን ጠቀመ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገር ጠቀመ፤ አንደኛ፣ ያልጠረጠረችውን እንድትጠረጥር አደረጋት፤ ሁለተኛ፣ ምላጩ የት እንደሚያርፍ አሳያት። ናሙናውን የወሰደችው ዓይን ከሚስበው ከወፈረው ቅርፊት ላይ አልነበረም፤ መነጽሩ ካሳያት ገና እየገሰገሰ ካለው ከጠርዙ ነው። በጊምሳ ቀለም ተነከረ፣ ላቦራቶሪው አየው፤ ተሕዋሱ ነበረ።

«አባባ፣ ቁንጭር ነው። ይድናል፤ ግን ይቆያል፣ መርፌውም ያማል። ይታገሡኛል?»

«ሁለት ዓመት ሻሽ ታግሻለሁ ልጄ፤ መርፌ ምን ሊያደርገኝ።»

ከዚያ ሌላ ጥያቄ አነሣች። በእኛ ሰው ቆዳ ላይ ይህ ሕመም በመነጽር ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሥዕል ጥቂት ነው፣ ተማሪዎቼ የሚያዩት የሌላ አገር ሰው ፊት ነው፣ ከፈቀዱልኝ ፎቶ ላንሳ፣ ካልፈቀዱም ሕክምናዎ አይጓደልም አለቻቸው። ሰውየው አሰቡ። «ያገሬ ሰው ያየኛል?» አሉ። አያይዎትም፣ ዓይንዎ አይታይም፣ ስምዎም አይጻፍም አለች፤ በስልኳ ካሜራ እያሳየችም ቁልጭ ብሎ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ እንደሚሆን አረጋገጠችላቸው። «እንግዲያው አንሺው። እኔን የቲቢ ነው፣ የጀርም ነው እያሉ ያመላለሱኝ ልጆች ባያዩ ጊዜ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰው ይወቁለት» አሉ።

እሷም አነሣች፤ አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን በመነጽሩ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ የሕመሙን ዕድሜ፣ የመንደሩን ከፍታ፣ ከቤታቸው በታች ገደልና ሽኮኮ መኖሩን፣ መነጽሩ ያሳየውንና ላቦራቶሪው ያገኘውን ጎን ለጎን ጻፈች፤ ለመርፌው አልጋ እንዲያዝላቸውም አስታማሚያቸውን ይዛ ወደ መዝገብ ክፍሉ ሄደች።